የወይራምባ መነኮሳት ፊት

ባየልኝን የሰደበው ይርዳው አንለይ ነው። ጊዜው በሁለት ሺህ አርባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሰኞ፣ ቦታው የይርዳው እህት የአገሬ ሠርግ የተደገሰበት ዳስ፣ ከመግቢያው በስተግራ ካለው ምሰሶ ሥር። ባየልኝ ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ለሠርጉ የታዘዘችውን ድስት አስረክባ ልትወጣ ስትል እሱ ከኋላዋ ቆሟል። ሁለት ዓመት የሚበልጠው ይርዳው በእጁ የያዘውን ቁራሽ በነጠላው ጫፍ ሸፈነና፣ «የጠይብ ልጅ ቆሟል፤ ዓይን ሳይገባበት ምግቡን ሸፍኑት» አለ። ሳቁን የጀመረችው አንዷ ሚዜ ናት። ሌላው ተከተላት። ከዚያ አንዲት ሴት መጣችና ሌማቱን በሰፌድ ከደነችው። እናቱ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ባየልኝ ይህን ሲያወራ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሚስቱ የሻረግ ታሪኩን በቃሏ ስለያዘችው፣ እሱ ሲጀምር እሷ ሽንኩርት ልትልጥ ትነሣለች።

«ሰውዬው እኮ ጥርሱ ረግፎ አልቋል። አይበቃህም እንዴ?» ትለዋለች።

«እኔ ስለ ጥርሱ መቼ አወራሁ። ስለ አፉ ነው።»

አሁን ጊዜው ሁለት ሺህ ዘጠና ሦስት ነው። ባየልኝና ይርዳው የተወለዱበት መንደር ሰው ለቆበት ባሕር ዛፍ ብቻ ቀርቶበታል። ሁለቱም ባሕር ዳር፣ አንድ ሕንፃ ውስጥ ይኖራሉ፤ ይርዳው ከላይ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባየልኝ ከታች ሁለተኛ። ይርዳው የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ባየልኝ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ሊፍት መጠገን ተምሯል፤ የሕንፃውን ሊፍት የሚጠግነውም እሱ ነው። እንግዲህ ያን ሰው ሲያወጣውና ሲያወርደው ዘመን አለፈ ማለት ነው። ይርዳው ሲያገኘው «እንደምን አደርህ ባየልኝ» ይለዋል፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ባየልኝን ከሁሉ የሚያቃጥለው ይኸው ነው። ሰውዬው ያን ቀን አያስታውሰውም።

በዚህ ዘመን ሰው ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ሳይታጠብ መነጽሩን ያደርጋል። ዜና አንባቢው ለየሻረግ የአባቷን ታናሽ ወንድም ይመስላል፤ ለባየልኝ ደግሞ የእናቱን ወንድም። አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንድ ዜና ያያሉ፤ የሻረግ ድምፁን ዝቅ ልታደርግ ስትል ባየልኝ «አጎቴ ተናግሮ ይጨርስ እንጂ» ይላታል። የባንክ ቤቱ ማስታወቂያ፣ መድኃኒት የምታዝዘው ሐኪም፣ መስቀለኛ መንገዱ ላይ መኪና የምታስተናግደው ፖሊስ ሁሉም ለሚያያቸው ሰው ዘመድ ይመስላሉ።

ነገሩ የተጀመረው በፊልም ነበር። መጀመሪያ በየፊልሙ ከየወገኑ ስንት ሰው ይግባ ተባለ። ቀጥሎ ስንት ደቂቃ ይታይ፣ ኋላም ስንት ደቂቃ ፊት ለፊት፣ ስንት ደቂቃ በጎን ወደሚል ሄደ። በዚህ የተነሣ ሰው ተጣላ፣ ሲኒማ ቤት ተሰበረ። በመጨረሻ የውክልና አዋጅ ወጣና ሁሉንም ገላገለ። ከዚያ ወዲህ ፊልም ይለብሳል፤ ማለት ተዋናዩ ማንም ይሁን ማን፣ ተመልካቹ በመነጽሩ የሚያየው የራሱን ወገን ፊት ነው። አዋጁ አንድ ሌላ ነገርም ይላል፤ ማንም ሰው ወገኑን በበዳይ ቦታ እንዲያይ አይደረግም። በዳዩ ምንጊዜም የባዕድ ፊት ይለብሳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ከሲኒማ ተበድሎ ይወጣል። ሳይለብስ የቀረው ኳስ ብቻ ነው። እሱም ተሞክሮ ነበር፤ ማን ጎል እንዳገባ መግባባት ስላልተቻለ ቀረ።

ባየልኝ ትሁኔ የምትባል አክስት ነበረችው፤ የእናቱ እህት ናት። በልጅነቷ ወይራምባ የሴቶች ገዳም ገብታ እስክትሞት አልወጣችም። ገዳሙ የሚበላባቸውን ድስቶች፣ ውኃ የሚቀዳባቸውን እንስራዎች፣ ጠላ የሚጠመቅባቸውን ጋኖች እሷ ትሠራ ነበር። መቁኑን የሚባለው የዕለት ዳቦ ታድሎ መነኮሳቱ ለማዕድ ሲቀመጡ ግን፣ ትሁኔ በበሩ ካለፈች ሁሉም ነጠላቸውን ገልበጥ አድርገው ዳቧቸውን ይሸፍናሉ። በድስቷ ተበልቶ ከዓይኗ ይሸሸጋል። አብራት የምትበላ አንዲት ዓይነ ስውር መነኩሲት ብቻ ነበረች። ቆብ ለመድፋት ስትጠይቅ እመ ምኔቷ «ለመጪው ሁዳዴ» ይሏታል። መጪው ሁዳዴ ሲመጣ ደግሞ ለሚመጣው። ሳይሰጧት ሞተች። አንድም ሰው እማሆይ ብሏት አያውቅም።

ይህን ሁሉ የተናገረችው ራሷ ናት። ባየልኝ ጎረምሳ ሳለ ሊጠይቃት ሄዶ፣ ጭቃ እየረገጠች ስታወራ በስልኩ ቀድቷታል። ስለ ዓይነ ስውሯ ስታነሣ ትስቃለች፤ «እሷም ባታይ ነው» ትላለች። ባየልኝ ያን ድምፅ ከስልክ ወደ ስልክ እያሸጋገረ አቆየው። ለማን እንደሚያሰማው ግን አላወቀም። የሚያውቀው አንድ ሰው እንዲሰማው እንደሚፈልግ ነበር።

ከዚያ ሶልያና የምትባል ፊልም ሠሪ መጣች። ስለ ድሮ ገዳማት ኑሮ ፊልም እየሠራች ኖሮ፣ ከሰው ከሰው ሰምታ ነው ያገኘችው። ከተማ የተወለደች፣ ስትናገር እጇን ደረቷ ላይ የምታደርግ ልጅ ናት። ድምፁን በጆሮዋ ስታደምጥ ዓይኗ እንባ ሞላ። ባየልኝ ይህን ሲያይ ደስ አለው፤ ደስ እንዳለው ግን አላሳየም።

«ጋሼ ባየልኝ፣ ይሄ መልበስ የለበትም» አለችው። «የታሪክ ፊልም ሲሆን ጥሬውን እንዲታይ የሚፈቀድበት መንገድ አለ። እጠይቃለሁ።»

«ጥሬውን ከሆነ፣ እኔ የማየውን ይርዳውም ያየዋል?»

«ይርዳው ማን ናቸው?»

«አንድ ሰው ነው።»

ልጅቱ ፊት እንደሚያስፈልጋት ነገረችው። የትሁኔ ፎቶ አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ተዋቅሮ ይሠራል። ባየልኝ የእናቱንና የሦስት እህቶቹን ፎቶ አውጥቶ ሰጣት። እናቱ ገበያ ላይ በተነሣችው ፎቶ አንገቷን ቀና አድርጋለች፤ ከጎኗ የተደረደረ ሸክላ አለ። «እሷ ትኑርበት» አላት። «ሌላው ቢቀር እሷ ትታይ።»

የሻረግ በዚያ ሰሞን ባሏን አላወቀችውም። ጢሙን ይላጫል፣ ሊፍቱ ውስጥ ያንጎራጉራል።

«ምን አገኘህ?» አለችው አንድ ቀን።

«ይርዳው ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። ዘመዶቹ ዳቧቸውን ሲሸፍኑ ያያል። ከዚያ አንገቱን ወዴት እንደሚያደርገው እኔ አያለሁ።»

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ።»

ፊልሙ ሊታይ ጥቂት ሲቀረው ሶልያና ደወለች።

«ጋሼ ባየልኝ፣ ተቀምጠው ነው?»

«ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነኝ። ተናገሪ።»

«ጥሬውን አልፈቀዱልንም።»

«ማን?»

«የተመልካች ክብር ጉባኤ። አንድ ወገን በሙሉ በዳይ ሆኖ ይታያል አሉ።»

«በዳይ ነበር እኮ።»

«እሱን አልካዱም። ይታያል ነው ያሉት።»

ባየልኝ የያዘውን ቁልፍ ከጎኑ አስቀመጠ። ከበላዩ የሰው ኮቴ ይሰማል።

«እንግዲህ ለኔ ማን ሆኖ ሊታየኝ ነው?»

«ለእርስዎማ ምንም አይለወጥም። አክስትዎ ናቸው።»

«ለይርዳውስ?»

«ለሳቸው ትሁኔ የሳቸው ዘመድ ትሆናለች።»

  ልጅቱ ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረች። በደሉ እንዳልተነካ፣ ዳቦውም ነጠላውም እንዳለ እንደሆነ፣ የተለወጠው ፊቱ ብቻ እንደሆነ አስረዳችው። «እስቲ ያስቡት ጋሼ» አለችው። «ያ ሰውዬ ጥሬውን ቢያይ ምን ይላል? ዘመዶቼን ሰደቡብኝ ብሎ ተነሥቶ ይወጣል። አሁን ግን አይወጣም። የገዛ እህቱ በበር ስታልፍ ምግብ ሲሸፈንባት ያያል። ሰው የሌላውን ሕመም የሚያውቀው በራሱ ሲደርስ አይደለም እንዴ?»

«ካልፈቀድሁስ?»

«ፊልሙ ይቀራል። ድምፃቸውም እርስዎ ጋ ይቀራል።»

ባየልኝ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ነገሩን አገላበጠው። ልጅቱ ያለችው ጠፍቶት አይደለም። ይርዳው የገዛ ወገኑ ላይ ሲደርስ ቢያይ፣ ቢያለቅስ፣ ካለቀሰ በኋላ ያ ዳስ ትዝ ቢለው? አንድ ሰው ምግብ ሲሸፈን እያየ፣ እኔስ በማን ላይ ሸፍኜ ነበር ብሎ ራሱን ሳይጠይቅ ይቀራል? አይቀርም። እንጨት ካልሆነ በቀር አይቀርም።

«ይሁን» አላት። «ይልበስ።»

በማግስቱ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቶ በሩን አንኳኳ። እዚያ ሕንፃ ከገባ ጀምሮ ሳይጠራ ያን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ይርዳው በካናቴራ ሆኖ ከፈተለት።

«ሊፍቱ ቆመ እንዴ?»

«አልቆመም። ለፊልም ልጠራህ ነው።»

«አንተ? ፊልም?» ይርዳው ሳቀ። «እኔ ሽቦ ስትቆጥር ነው የማውቅህ።»

«የአክስቴ ታሪክ ነው። የትሁኔ። እሑድ ከሰዓት ታች አዳራሹ ውስጥ ይታያል።»

«ወይራምባ የነበረችው? ሸክላ የምትሠራው?»

«እሷ።»

«ጥሩ ሴት ነበረች ይባላል። ለመሆኑ ቆቡን አገኘችው ወይስ እንዲሁ ሞተች?»

«መጥተህ እየው።»

«እመጣለሁ፤ ለምን እቀራለሁ። ወንበር ያዝልኝ። ከፊት አይሁን፤ አንገቴን ያመኛል።»

ባየልኝ ወንበር ያዘለት። ሦስተኛው ረድፍ፣ ዳር ላይ። ለራሱ ደግሞ ጎን ለጎን ሳይሆን ትንሽ ወደ ኋላ፣ የሰውዬው ጉንጭና ዓይን የሚታይበትን መረጠ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። የሕንፃው ሰው በሙሉ መነጽሩን አድርጎ ወደ አንድ ልሙጥ ግድግዳ ዞረ። ባየልኝ የመጀመሪያውን ክፍል በመነጽሩ አየ። ትሁኔ የእናቱ አንገትና የታላቅ እህቱ ዓይን ኖሯት በበሩ ገባች። መነኮሳቱ ከየት እንደመጡ የማያውቃቸው ሴቶች ናቸው፤ አንዷንም አይቷት አያውቅም። እመ ምኔቷ የባዕድ ፊት ለብሳ «ለመጪው ሁዳዴ» አለች። ሥራው ጥሩ ነው፤ ልጅቱ አላሳፈረችውም። የአክስቱ ድምፅ እንዳለ ነው፤ ሳቋም አልተቆረጠም።

ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ ጆሮው ላይ ያለውን ማዳመጫ ብቻ አስቀርቶ ይርዳውን ማየት ጀመረ።

ይርዳው መጀመሪያ ተደላድሎ፣ እግሩን አነባብሮ ነበር። የጎረቤቱን ክንድ ነካ አድርጎ አንድ ነገር እያለ ይስቃል። ትሁኔ ጭቃ ስትረግጥ እግሩን አወረደ። በባየልኝ ጆሮ የማዕዱ ደወል ሲሰማ፣ መቁኑን ሲታደል፣ ይርዳው ወደፊት ዘንበል አለ። ነጠላ ሲገለበጥ ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ አለው። ያ ድምፅ መጣ፤ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ የማዕዱ ዙሪያ በሙሉ። ይርዳው እጁን አፉ ላይ አደረገ።  ከመነጽሩ ሥር እንባው በጉንጩ ወረደ፤ አልጠረገውም።

 ዳሱ ታየው፣ አለ ባየልኝ በልቡ። ምሰሶው ታየው። አሁን ይዞራል፤ አዳራሹ ውስጥ በዓይኑ ይፈልገኛል። ሲያገኘኝ ምን ላድርግ? ፊቴን ላዙርበት ወይስ ልየው? ለዚህ ሳይዘጋጅ መምጣቱ ቆጨው። ያን ሁሉ ዓመት ስድቡን ሲያስብ ከስድቡ በኋላ የሚመጣውን አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም ነበር።

ይርዳው ግን አልዞረም። ፊልሙ እስኪያልቅ ዓይኑን ከግድግዳው አልነቀለም። ትሁኔ ስትሞት ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ብቻውንም አልነበረም፤ አዳራሹ በሙሉ ያለቅሳል። ሁሉም የየራሱን ሰው ነው የቀበረው።

ውጭ ግቢው ውስጥ ሰው በየጥግ ቆሞ አፍንጫውን ይጠርጋል። የሻረግ ከበሩ አጠገብ ባየልኝን ትጠብቃለች። ይርዳው ሰዉን በክንዱ እየገፋ፣ ባየልኝን እየፈለገ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። መጥቶ ሁለት እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። 

«ባየልኝ» አለ ይርዳው። «እግዜር ይስጥህ። ለዚህ ባትጠራኝ ኖሮ ሳላውቅ ልሞት ነበር።»

«አየኸው?»

«አየሁት። አየሁት እንጂ። አባቴ አንድም ቀን ነግሮኝ አያውቅም፤ ደብቆኝ ነው የሞተው። ምግብ ይሸፍኑብን ነበር እኮ። በኛ ላይ።»



«አንተ የአክስቴ ታሪክ ነው አልኸኝ» ቀጠለ ይርዳው። «አትቀየመኝና ተሳስተሃል። ስሟን ከናንተ ወስደውት ይሆናል። ልጅቱ ግን የኛ ናት፤ የአያቴ እህት ቁርጥ፣ ግንባሯ እንኳ አልቀረ። ፊት እንዴት ይዋሻል? እህቴ አገሬ ብታየው ልቧ ቀጥ ይል ነበር። እሷ ደግሞ በሠርጓ ቀን ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጠላ፣ ማን ይሄ ከኋላችን አለ ብሎ ያስባል? ጠግበን አደግን፤ አናውቅም።»

«ሠርጉን ታስታውሰዋለህ?»

«እንዴት አላስታውሰው። በሬው ሁለት ነበር። አንተም ነበርህ እንዴ? ነበርህ መሰለኝ። እናትህ ድስት አምጥታ ነበር።»

የሰውዬው ፊት ላይ ሌላ ምንም አልነበረም። ባየልኝ በደንብ አየው፤ ፈልጎ አጣ።

ይርዳው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ልንገርህ፤ ከሰው ሳትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል። እመ ምኔቷን አየሃት? የከለከለቻትን? ቁርጥ እናትህን ናት። እኔ እናትህን አውቃታለሁ፤ ገበያ ላይ አንገቷን ቀና አድርጋ ስትቆም ነው የማውቃት። እሷው ናት። ዳቦ የሚሸፍኑትም እህቶችህ ናቸው፤ ሦስቱም።»

ባየልኝ ወዲያው ገባው። ለፊልሙ የሰጠው ፎቶ በየተመልካቹ መነጽር ሥራ አግኝቷል። ፊት የሚያለብሰው ማሽን ለይርዳው የባዕድ ፊት ሲያስፈልገው ከእጁ ላይ የነበረውን ነው ያነሣው። የማያውቃቸው ጎረቤቶች በሙሉ፣ አሁን ግቢው ውስጥ ቆመው የሚያለቅሱት፣ ምናልባት ከአንድ ሰዓት በፊት እናቱን ሲጠሏት ነበር።

«ደንግጠህ ነው» አለ ይርዳው፤ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አትደንግጥ። አንተ ምን አጠፋህ? አንተማ እንዲያውም አምጥተህ አሳየኸኝ፤ ወንድ ልጅ ነህ። እናትህም ብትሆን ዘመኑ ነው ያሳሳታት። እኔ በበኩሌ ይቅር ብያታለሁ። አልይዝብህም። ከዛሬ ጀምሮ በኔና ባንተ መካከል ምንም የለም፤ ሰው ይስማኝ።»

ሰው ሰማ። አንዳንዱ ቀረብ ብሎ ቆመ። አንዲት ሴትዮ «ደግ አደረግህ» አለችው ይርዳውን። ሌላ ሰው ባየልኝን አይቶ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ።

«በል እንጂ» አለ ይርዳው፤ እጁን ዘረጋለት። «አንተም አንድ ነገር በል። ይቅርታ እኮ ሁለት ሰው ይፈልጋል።»

እጁ ተዘርግቶ ቆየ። የሻረግ ከበሩ አጠገብ ባሏን አየችው፤ ከአፉ የሚወጣውን ፈርታ ወደፊት አንድ እርምጃ ወሰደች። የፈራችው አልመጣም። ባየልኝ የተዘረጋውን እጅ፣ ከዚያ የሰውዬውን ቀይ ዓይን፣ ከዚያ በዙሪያው የተሰበሰበውን ሰው አየ። እናቴ አይደለችም ቢል ሁሉም በዓይኑ አይቷታል። የሸፈንኸው አንተ ነህ ቢል ሰውዬው መቼና የት እንደሆነ ይጠይቀዋል። ከዚያ ዳሱን ሊነግረው ነው፣ ሌማቱን፣ ሰፌዱን፤ ሰውዬው ደግሞ ራሱን እየነቀነቀ ሊሰማውና፣ በመጨረሻ ያንንም ይቅር ሊለው ነው።

ፊቱን አዙሮ በሰዉ መካከል ወጣ። የሻረግ ከኋላው ተከተለችው፤ «ምን አለህ?» አለች።  ወደ ሊፍቱ ሳይሆን ወደ መንገዱ በር ነው የሄደው። ሐይቁ ዳር የሚሄደው አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያወርዳል፤ በአጠገቡ አለፈና የእግረኛውን መንገድ ያዘ።

«አይ» አለ ይርዳው ከኋላ፣ የዘረጋውን እጅ ኪሱ ውስጥ እየከተተ፣ ለቆሙት ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ። «ይቅርታ ሲደረግላቸው እንኳ መቀበል አያውቁም።»

ባየልኝ ሰምቶታል። እየሄደ ነበር።